ዱቄት የሚወደደው የት ነው? ከፓሪስ እስከ ማፑቶ፣ ከኦዴሳ እስከ ጅቡቲ

(በጽሑፉ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግብፆች ዳቦን «ዐይሽ» ብለው ይጠሩታል። ቃሉ ሕይወት ማለት ነው። ጃንዋሪ 17 ቀን 1977 የአንዋር ሳዳት መንግሥት የዱቄት፣ የሩዝና የዘይት ድጎማ መቀነሱን ሲያሳውቅ የካይሮ ሰው የሰማው የበጀት ዜና አልነበረም። በማግስቱ ከአሌክሳንድሪያ እስከ አስዋን ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ አደባባይ ወጣ። ጦር ሠራዊቱ ጎዳና ወረደ፤ ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሳዳት ውሳኔውን ሻረ።

ከዚያ በኋላ የመጣ የግብፅ መሪ ሁሉ ያንን ሁለት ቀን አልረሳውም። በ1980ዎቹ ማብቂያ 5 ፒያስተር የገባው የድጎማ ዳቦ እስከ 2024 ድረስ ዋጋው አልተነካም። ክብደቱ ግን ተነክቷል፤ 130 ግራም የነበረው 110 ሆነ፤ በ2020 ደግሞ ወደ 90 ግራም ወረደ። ዋጋ መጨመር የፈራ መንግሥት ዳቦውን ያሳንሳል። ይህ ዘዴ ለአዲስ አበባ ሰውም እንግዳ አይደለም። በመጨረሻ ጁን 1 ቀን 2024 የድጎማው ዳቦ በአንድ ጊዜ አራት እጥፍ ሆኖ 20 ፒያስተር ገባ።

የሚገርመው፣ በዚያው ሰሞን ስንዴ በዓለም ገበያ ረክሶ ነበር። በዩክሬን ጦርነት የመጀመሪያ ሳምንታት ከደረሰበት ጣሪያ ከግማሽ በታች ወርዷል። ስንዴ ሲረክስ ዳቦ እንዴት ይወደዳል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የአየር ጠባይ ትንበያ አይደለም፤ ታሪክ ነው። ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ወደ ኋላ ብንሄድ የዱቄት ዋጋ ማሳ ላይ ብቻ ተወስኖ አያውቅም። ዋጋው የሚወሰነው ከማሳው እስከ ዳቦ ቤቱ ባለው መንገድ፣ በመንገዱ ላይ ባሉ በሮችና በሩን ለማለፍ በሚከፈለው ገንዘብ ነው።

🔹 የዓለም የስንዴ ገበያ ጠባብ ነው

በዓለም ላይ በዓመት 800 ሚሊዮን ቶን ገደማ ስንዴ ይመረታል። ድንበር ተሻግሮ የሚሸጠው ግን ከዚያ ውስጥ ሩብ ያህሉ፣ ወደ 200 ሚሊዮን ቶን ነው። ቀሪው በበቀለበት አገር ይበላል። በምርት አንደኛና ሁለተኛ የሆኑት ቻይናና ሕንድ ያመረቱትን በአብዛኛው ራሳቸው ይጨርሱታል።

ያቺን ሩብ የሚሸጡት ደግሞ ጥቂቶች ናቸው፦ ሩሲያ፣ የአውሮፓ ኅብረት፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ አሜሪካ፣ ዩክሬን፣ አርጀንቲናና ካዛክስታን። ሰባት ስምንት ሻጭ ብቻ የሚቀመጥበት ጉልት በሉት። ከመካከላቸው አንዷ «ዛሬ አልወጣም» ካለች፣ ወይም አንድ ሀብታም ገዢ ማልዶ መጥቶ ግማሹን ከጫነ፣ የቀረው ገዢ ሁሉ ይራኮታል።

በ1972 የሆነው ይኸው ነው። የሶቪየት ኅብረት አዝመራ ሲበላሽ የሞስኮ ሰዎች ወደ አሜሪካ መጥተው ከተለያዩ የእህል ኩባንያዎች ጋር በየተራ፣ ድምፃቸውን አጥፍተው ተዋዋሉ። አንዱ ኩባንያ ሌላው ምን ያህል እንደሸጠ አያውቅም ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ደግሞ የወጪ ንግዱን ይደጉም ስለነበር ሶቪየቶች በአሜሪካ ግብር ከፋይ ገንዘብ የረከሰ ስንዴ ጫኑ። በዓመት ጊዜ ውስጥ የስንዴ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆነ። አሜሪካኖች እስከ ዛሬ «ታላቁ የእህል ዘረፋ» ይሉታል። ዳቦው የተወደደበት የሌላ አገር ድሃ ግን ከውሉ ውስጥ አልነበረበትም።

🔹 ፓሪስ፣ 1775፦ ዋጋ ነፃ ሲወጣ መንገዱ አልተዘጋጀም

በ1774 የሉዊ 16ኛ የገንዘብ ሹም ቱርጎ የእህል ንግድን ነፃ አወጣ። እስከዚያ ድረስ የፈረንሳይ ፖሊስ እህል የት እንደሚሸጥ፣ ማን እንደሚገዛ ይቆጣጠር ነበር። የቱርጎ ስሌት መጥፎ አልነበረም፤ እህል በነፃነት ከተንቀሳቀሰ ከተረፈበት ወደ ጎደለበት ይሄዳል፣ ዋጋውም ይረጋጋል።

ግን ያ ዓመት አዝመራው ደካማ ነበር። መንገዱም የጋሪና የጀልባ መንገድ ነው። ነፃ የወጣው እህል ወደ ጎደለበት ሳይሆን ገንዘብ ወዳለበት ተጓዘ። የፓሪስ ባለአራት ሊብራ ዳቦ ከ11 ሱ ወደ 14 ሱ ወጣ። ለቀን ሠራተኛ ይህ የምሳ ጉዳይ አልነበረም፤ ደመወዙ ግማሹም ከዚያም በላይ የሚሄደው ለዳቦ ነበርና።

በኤፕሪል 1775 መጨረሻ ከፓሪስ በስተሰሜን ባለች የገበያ ከተማ የተነሳው ሁከት በሳምንት ውስጥ ቬርሳይና ፓሪስ ደረሰ። ታሪክ «የዱቄት ጦርነት» ይለዋል። ልብ የሚባለው፣ ብዙው ሰው ዝርፊያ አልሄደም። የነጋዴውን መጋዘን ከፍቶ ዱቄቱን ራሱ «ተገቢ ነው» ባለው ዋጋ ይሸጥና ገንዘቡን ለባለቤቱ ይተውለት ነበር። መንግሥት በሺዎች የሚቆጠር ወታደር አሰማርቶ ሁከቱን አበረደ፤ ሁለት ሰዎች በአደባባይ ተሰቀሉ። ቱርጎ በዓመቱ ተሻረ። አሥራ አራት ዓመት ቆይቶ ምን እንደተከተለ ሁሉም ያውቃል።

ቱርጎ ገበያውን ከፈተ፤ መንገድ ግን አልነበረውም። መንገድ የሌለው ነፃ ገበያ ነጋዴውን ያበለጽጋል እንጂ ዱቄት አያረክስም።

🔹 ቺካጎና ሊቨርፑል፦ ባቡርና መርከብ ሲገናኙ

እንግሊዝ በተቃራኒው ሄደች። በ1815 በወጣው የእህል ሕግ መሠረት የአገር ውስጥ ስንዴ በኳርተር 80 ሺልንግ ካልደረሰ የውጭ ስንዴ ገበያ አይገባም። ሕጉን ያወጣው ፓርላማ የባለመሬቶች ፓርላማ ነበር፤ የሠራተኛው ዳቦ በሕግ ተወደደ። ሕጉ የተሻረው የአየርላንድ ድንች በበሽታ አልቆ ረሃብ ከገባ በኋላ፣ በ1846 ነው።

በሩ መከፈቱ ብቻውን ግን ዋጋውን አልሰበረውም። የሰበሩት የአሜሪካ ሜዳ ላይ የተዘረጉት የባቡር ሐዲዶች፣ አትላንቲክን የሚያቋርጡት የእንፋሎት መርከቦችና ዋጋን በደቂቃ የሚያደርሰው ቴሌግራፍ ናቸው። በ1870 ሊቨርፑል ውስጥ የስንዴ ዋጋ ከቺካጎው በ58 በመቶ ይበልጥ ነበር። በ1912 ልዩነቱ ወደ 16 በመቶ ወረደ። ስንዴው ያው ስንዴ ነው፣ ውቅያኖሱም ያው ውቅያኖስ። የተለወጠው የማጓጓዣው ወጪና ዋጋን የማወቂያው ፍጥነት ነው።

የዚህ ሌላው ገጽታ ግን ነበር። የአውሮፓ ገበሬ ከአሜሪካ ሜዳ ጋር መወዳደር አቅቶት ተሰደደ። ጀርመንና ፈረንሳይ ገበሬያቸውን ሊከላከሉ ቀረጥ ጣሉ፤ እንግሊዝ አልጣለችም። ስለዚህ በአንድ ዘመን፣ በአንድ አህጉር፣ ከአንድ አሜሪካ የመጣ ስንዴ በለንደን ርካሽ፣ በበርሊን ውድ ሆነ። የአገሮች የዱቄት ዋጋ የሚለያየው ለምንድን ነው ለሚለው የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፤ እያንዳንዱ መንግሥት ከገበሬውና ከበላተኛው አንዱን ይመርጣል።

🔹 አንድ ጠባብ የባሕር በር

የሩሲያ ግዛት ስንዴ ወደ ዓለም ይወጣ የነበረው በአብዛኛው በኦዴሳና በሌሎች የጥቁር ባሕር ወደቦች ነበር። ከዚያ በቦስፎረስና በዳርዳኔልስ ጠባብ መተላለፊያ ማለፍ ግድ ነው። በ1914 መጸው፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት እንደተጀመረ፣ ኦቶማኖች መተላለፊያውን ዘጉት። የሩሲያ ስንዴ መውጫ አጣ። እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1915 ጋሊፖሊ ላይ ጦር ያፈሰሱበት አንዱ ምክንያት ያንን በር መክፈት ነበር። አልቻሉም።

ከ108 ዓመት በኋላ ያው ውሃ ነው። በፌብሩዋሪ 2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር የሁለቱ አገሮች ስንዴ ድንበር ተሻግሮ ከሚሸጠው ወደ 30 በመቶ ይደርስ ነበር። የዩክሬን ወደቦች ተዘጉ። ማርች ላይ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የምግብ ዋጋ መለኪያ እስከዚያ ድረስ ታይቶ የማያውቅ ከፍታ ላይ ደረሰ። ጁላይ 22 ቀን ኢስታንቡል ላይ በተባበሩት መንግሥታትና በቱርክ አሸማጋይነት ስምምነት ተፈርሞ በሩ ተከፈተ። በኦገስት ወር «ብሬቭ ኮማንደር» የተባለች መርከብ 23 ሺህ ቶን የዩክሬን ስንዴ ለኢትዮጵያ ዕርዳታ ይዛ ወደ ጅቡቲ ተነሳች። ስምምነቱ ጁላይ 17 ቀን 2023 ሩሲያ ወጥታ እስኪፈርስ ድረስ 33 ሚሊዮን ቶን ገደማ እህል አለፈበት።

🔹 ሻጩ በሩን ሲዘጋ፦ ሞስኮና ማፑቶ

በ2010 ክረምት ሩሲያን ድርቅና ሰደድ እሳት መታት። ኦገስት 5 ቀን ቭላድሚር ፑቲን ስንዴ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የሚከለክል ውሳኔ አሳወቀ፤ ከኦገስት 15 ጀምሮም ጸና። በዚያን ጊዜ የዓለም የስንዴ ክምችት ከ2008ቱ ቀውስ ዘመን የተሻለ ነበር። ስንዴ ነበረ፤ የጠፋው መተማመን ነው። ዋጋው በሳምንታት ውስጥ ከግማሽ በላይ ጨመረ።

ሴፕቴምበር 1 ቀን፣ ከሞስኮ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቃ ባለችው የሞዛምቢክ ዋና ከተማ ማፑቶ፣ በሞባይል የጽሑፍ መልእክት የተጠራሩ ሰዎች ጎማ እያቃጠሉ መንገድ ዘጉ። ዳቦ፣ ውሃና መብራት በአንድ ላይ ጨምረው ነበር። የሞዛምቢክ ገንዘብ ሜቲካልም በዚያ ዓመት በዶላርና በደቡብ አፍሪካ ራንድ ፊት ክፉኛ ተዳክሟል። ከ10 በላይ ሰዎች ተገደሉ። በሳምንቱ መንግሥት የዳቦውን ጭማሪ አነሳ።

ሞስኮ ውሳኔውን ያሳለፈችው ለራሷ ሕዝብ ዳቦ እንዳይወደድ ነው። በራሷ ሚዛን ምክንያታዊ ነው። በ2022ም ሕንድ ሜይ 13 ቀን፣ ካዛክስታን ደግሞ በኤፕሪል ወር ያደረጉት ተመሳሳይ ነው። ሕንድ ስንዴ እንዳይወጣ ከለከለች፤ ካዛክስታን በስንዴና በዱቄት ላይ ኮታ ጣለች። የካዛክ ዱቄት ዋነኛ ገዢ ደግሞ ባሕር የሌላት አፍጋኒስታን ናት። ሁሉም በየቤቱ ዳቦ ለማርከስ በሩን ሲዘጋ፣ ውጭ የቀረው ድሃ ሒሳቡን ይከፍላል።

🔹 የማይታየው በር፦ ምንዛሪ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። በ2022 ክረምት አጋማሽ የቺካጎ የስንዴ ዋጋ ከጦርነቱ በፊት ወደነበረበት፣ ወደ 8 ዶላር በቡሼል (27 ኪሎ ገደማ) ወረደ። ማርች 2024 ላይ ደግሞ 5 ዶላር ተኩል አካባቢ ነበር። ካይሮ ለምን አልቀመሰችውም?

ሒሳቡ ቀላል ነው። በ2022 መጀመሪያ አንድ ዶላር 15.7 የግብፅ ፓውንድ ነበር፤ በዚያ ምንዛሪ የ8 ዶላር ስንዴ 125 ፓውንድ ይሆናል። ማርች 2024 ግብፅ ምንዛሪዋን ስትለቅ አንድ ዶላር ወደ 49 ፓውንድ ደረሰ። የ5 ዶላር ተኩሉ ስንዴ 270 ፓውንድ ሆነ ማለት ነው። በዶላር የረከሰው ስንዴ በፓውንድ ከእጥፍ በላይ ተወደደ።

ሊባኖስ ደግሞ የከፋ ዕጣ ገጠማት። ኦገስት 4 ቀን 2020 የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ 120 ሺህ ቶን የሚይዘው የእህል ጎተራዋ ወደመ። ከ2019 ጀምሮ የወደቀው ገንዘቧ በ1,500 ለአንድ ዶላር ከነበረበት ተነስቶ ወደ 90 ሺህ ተጠጋ። በ2022 የቤይሩት ሰው ዳቦ ቤት ደጃፍ ላይ ለሰዓታት ሲሰለፍ የጎደለው የዓለም ስንዴ አልነበረም። የጎደለው ማስቀመጫ ጎተራና መግዣ ዶላር ነው።

🔹 ወፍጮውና ፉርሽካው

ከስንዴ እስከ ዱቄት ያለው ርቀትም የራሱ ዋጋ አለው። ከአንድ ኩንታል ስንዴ 75 ኪሎ ገደማ የፉርኖ ዱቄት ይወጣል፤ ቀሪው በአብዛኛው ፉርሽካ ነው። ፉርሽካው ለከብት መኖ በደህና ዋጋ ከተሸጠ ባለፋብሪካው ዱቄቱን ዝቅ አድርጎ መሸጥ ይችላል። መብራት ሲቋረጥና ፋብሪካው ከአቅሙ በታች ሲሠራ ግን ወጪው ሁሉ እያንዳንዱ ኩንታል ላይ ይወድቃል።

ቱርክ ይህን ቀድማ ገብቷታል። ለዓመታት የዓለም አንደኛ ዱቄት ላኪ አገር ሆና ቆይታለች፤ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ገደማ የላከችባቸው ዓመታት አሉ። በእነዚያ ዓመታት የስንዴው ብዙው ክፍል ግን የሩሲያ ነበር። መንግሥቷ መልሶ ዱቄት አድርጎ ለሚልክ ፋብሪካ ስንዴውን ያለ ቀረጥ ያስገባለታል። ኢራቅ፣ የመን፣ ሶማሊያና ጅቡቲ ከበሉት ዱቄት የተወሰነው ጥቁር ባሕርን ተሻግሮ ቱርክ ወፍጮ ቤት ውስጥ ያለፈ ነው። እነዚህ አገሮች ለስንዴው ብቻ ሳይሆን ለቱርክ ወፍጮም ይከፍላሉ።

በሀብታም አገር ግን ይህ ሁሉ ብዙም አይሰማም። አሜሪካ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካለ ዳቦ ዋጋ ላይ ስንዴው የሚይዘው ጥቂት ሳንቲም ነው። ቀሪው ደመወዝ፣ ኪራይ፣ ማሸጊያ፣ ትራንስፖርትና ትርፍ ነው። ስንዴ እጥፍ ቢሆን ዳቦው ጥቂት ይነቃነቃል። የድሃ አገር ዳቦ ግን ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾና እሳት ነው። ስንዴው ሲንቀሳቀስ ዳቦው አብሮ ይንቀሳቀሳል። አንድ የዓለም ዋጋ አንዱን አህጉር ሲዳብስ ሌላውን የሚያቃጥለው ለዚህ ነው።

🔹 ወደ ቤት ስንመለስ

ኢትዮጵያ ለአሥርት ዓመታት ስንዴ በግዢም በዕርዳታም ስታስገባ ኖራለች። መንግሥት በዶላር ገዝቶ ለዱቄት ፋብሪካዎች በድጎማ ያከፋፍል ነበር። ባለፉት ዓመታት የበጋ መስኖ ስንዴ ተስፋፋ፤ በፌብሩዋሪ 2023 መንግሥት ስንዴ ወደ ውጭ መላክ መጀመሩን በይፋ አበሰረ። ከውጭ የሚገባውን በአገር ምርት የመተካት ሐሳቡ ትክክል ነው። የኦዴሳ ወደብ ሲዘጋ የማይደነግጥ አገር መሆን ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ብዙ ሰው ከዚህ የሚደርስበት መደምደሚያ ነው፦ «ስንዴ ከተመረተ ዳቦ ይረክሳል።» ታሪኩ እንዲህ አይልም።

አንደኛ፣ ምንዛሪ በጓሮ በር ይገባል። ስንዴው የአርሲ ወይም የባሌ ቢሆንም ማዳበሪያው ከውጭ በዶላር የተገዛ ነው፤ የትራክተሩና የኮምባይነሩ መለዋወጫ፣ የጭነት መኪናው ጎማና ነዳጅም እንዲሁ። ጁላይ 29 ቀን 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ይህ ለውጥ ጅቡቲ ያልደረሰ ስንዴ ላይም ይሠራል።

ሁለተኛ፣ መንገዱ። ስንዴው ከማሳ ተነስቶ ፋብሪካ እስኪደርስ በየኬላው የሚቆም፣ በየደላላው እጅ የሚያልፍ፣ በፀጥታ ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት ከሆነ በ1775 ከነበረው የፈረንሳይ ጋሪ ብዙ አልራቀም። ገበሬው ማሳው ላይ በርካሽ ይሸጣል፤ ከተሜው ዳቦ ቤት ላይ በውድ ይገዛል። ቺካጎንና ሊቨርፑልን ያቀራረበው ባቡር ነው፤ ባሌንና አዲስ አበባን የሚያቀራርበው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሦስተኛ፣ ጎተራው። በመኸር ማግስት የሚረክስ፣ በክረምት የሚወደድ ስንዴ ማስቀመጫ የሌለው ስንዴ ነው። የቤይሩት ጎተራ በአንድ ቀን ፈራረሰ፤ ጎተራውን ከመጀመሪያው በበቂ ያልገነባ አገር ደግሞ ያንኑ ጉዳት በየዓመቱ ቀስ እያለ ይቀምሰዋል።

አራተኛ፣ ምርጫው። የእንግሊዝ ባለመሬቶች በ1815 ለራሳቸው መረጡ። ሞስኮ በ2010 ለበላተኛዋ መረጠች። ለገበሬ ጥሩ ዋጋ እሰጣለሁ፣ ለከተማ ዳቦ አረክሳለሁ፣ ስንዴም ለውጭ ገበያ እልካለሁ የሚል መንግሥት ሦስቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ የሚችለው ልዩነቱን የሚሸፍን ገንዘብ ካለው ብቻ ነው። ገንዘቡ ከሌለ ከሦስቱ አንዱ ይወድቃል። የትኛው እንደሚወድቅ ሕዝቡ የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ዳቦ ቤት ሲሄድ ነው።

የዱቄት ዋጋ ሲጨምር የመጀመሪያው ጣት የሚቀሰረው ወይ ወደ ሰማይ ነው፣ ወይ ወደ ነጋዴ። ዝናብ ይጎድላል፣ ነጋዴም ይደብቃል፤ ሁለቱም እውነት ነው። ቱርጎን የጣለው ግን ዝናብ ብቻ አልነበረም፤ ሳዳትን ያስደነገጠውም ነጋዴ አልነበረም። ሁለቱም የዳቦውን ዋጋ በወረቀት ላይ ለወጡ፤ ሰው ያንን ዋጋ የሚከፍልበትን አቅም ግን አብረው አላዘጋጁም።

በሚቀጥለው ጊዜ «ዘንድሮ አዝመራው ጥሩ ነው» የሚል ዜና ሲሰማ አብረው መነሳት ያለባቸው ጥያቄዎች አሉ፦ መንገዱስ? ጎተራውስ? ወፍጮውስ? ብሩስ? የዳቦው መጠንና ዋጋ የሚታወቀው ከእነዚህ መልስ ነው።